ባሕር የሌለው ደረጃ

ጣሰው ጎጃም በረንዳ ጀርባ ሻወር ቤቱን ሲሠራ፣ እጁ የሚያውቀው መታጠቢያ ቤት አንድ ብቻ ነበር። በወጣትነቱ ምጽዋ ውስጥ፣ ባሕሩ ላይ በእንጨት እግር የቆመ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በአናጢነት አምስት ዓመት አገልግሏል። ግራና ቀኝ ክፍሎች፣ መሀል መተላለፊያ፣ ነፋስ የሚያስገባ የፍርግርግ መስኮት። በየክፍሉ ወለል ላይ ክዳን ነበር፤ ሲያነሱት ደረጃው ቁልቁል ወደ ውኃው ይወርዳል። ሴቶቹ ማንም ሳያያቸው ይዋኙ ነበር።

መርካቶም ያንኑ ሠራ። ቤቱን ከጭቃው ከፍ አድርጎ በእግር አቆመው፤ ፍርግርጉንም አልረሳም። ታች ባሕር እንደሌለ ትዝ ያለው፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ክዳኑን ቆርጦ ባለ አራት እርከን ደረጃውን ከገጠመ በኋላ ነው።

«ወዴት ሊወርዱበት ነው?» አለችው ሚስቱ ደብሪቱ።

አፈረ። «ቆሻሻ መጥረጊያ ነው» አላት።

በ1970 አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ውብሸት ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ተራ የሚጠብቁትን ኩሊዎች አልፎ፣ ሁለቱን ክፍሎች ገልመጥ እንኳ ሳያደርግ፣ በቀጥታ ሦስተኛው ገባና ክዳኑን አነሳ። ጣሰው ተከትሎት ገባ። ማን ነገረው?

«ይሄ ወዴት ነው የሚወስደው፣ ጋሼ?»

«የትም።»

«የትም ለማይወስድ ደረጃ ይሠራሉ እንዴ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። ምጽዋ እያለሁ እንዲህ ነበር የምንሠራው። ታች ባሕር ነበር።»

አንዱ ኩሊ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ምጽዋ ያን ሰሞን በአማፂያን ተከባ ነበር፤ ስሟ እንዲህ በዋዛ አይነሳም።

«ምጽዋ ማን አለህ?» አለ ውብሸት። አንቱታው ቀረ።

ጣሰው መዶሻውን አነሳ። ከውጭ የቤቱን እግሮች የሸፈኑትን ጣውላዎች አንድ በአንድ ነቀለ። ውብሸት ጎንበስ ብሎ አየ፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ደረጃ፣ የሳሙና አረፋ፣ አንድ የቀኝ ኮንጎ ጫማ።

«ይሄን ማን ጥሎት ሸሸ? ባለቤት ከሌለው ይሄን ሰውዬ ይዤው ነው የምሄደው!» አለ ወደ ጣሰው እየጠቆመ።

ቶላ የሚባለው ኩሊ ግራ እግሩ ላይ ኮንጎ፣ ቀኙ ላይ የጎማ በርባሶ አድርጎ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«ቶላ!» አለች ደብሪቱ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹ጫማዬን ሰረቃችሁኝ› እያልክ ስማችንን ስታጠፋ አልነበር? ዛሬ ምላስህን ማን ቆረጠው?»

ቶላ በርባሶውን አውልቆ ቀኝ እግሩን ዘረጋ። ጫማው ልክክ አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አብሬ እንዳልወሰድ ነዋ፣ ጓድ!»

ውብሸት ሁለቱን ጫማዎች ደጋግሞ አስተያየ። በመጨረሻ፣ «ክዳኑን አሁኑኑ ቸንክረው» አለ።

ጣሰው አሥር ሚስማር መታበት። ምጽዋ ብረቱን ጨው ስለሚበላው በመዳብ ነበር የሚመቱት። ይሄ ግን የሚበላው የለም፤ ይቆያል። እየመታም ከራሱ ጋር ይሟገታል። ክዳኑን የሚያውቅ እዚያ የታጠበ ነው። ጫማ ጠፋብኝ ብሎ ቀበሌ የሚሄድ ደግሞ...

በሳምንቱ ቶላ በሁለት ኮንጎ መጣ።

«ጋሼ፣ ስንተኛው ልግባ?»

ጣሰው «ቀበሌ የሄድከው አንተ ነህ?» ሊለው ነበር፤ ዙሪያውን አየና ተወው።

«ሦስተኛው» አለ። ቶላ የከፈተው ውኃ እስኪቆም ድረስም ከበሩ ሥር አልተነቃነቀም።