የጋሽ ሰይድ «ተቀመጡ»

ባለፈው እሑድ አራት ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆሙ። ወንበር ስበን ብናቀርብላቸውም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። በተከፈተው መስኮት ከጣና በኩል የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ገባ።

የመጡት ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ። የልጄ ልብ ከሄደ ቆይቷል፤ እኔም በሆዴ ጨርሻለሁ። የቀረኝ «ተቀመጡ» ማለት ብቻ ነበር፤ ወላጅ ይህን ካለ ሰጠ ማለት ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ተብታባ ነኝ፤ ጭንቅ ሲመጣ ምላሴ ጭራሽ ይቆለፋል። ታላቅ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ «እኔ ልበልልሽ?» አለኝ። እኔ ግን ያ የደንገል ሽታ ወደ ጋሽ ሰይድ ወስዶኝ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በደንገል ታንኳ ዓሣ አጥምደው በሰፈሩ እየዞሩ ይሸጣሉ። እሳቸውም እንደ እኔ ተብታባ ነበሩ። «ዓሣ!» ብለው መጥራት ስለማይሆንላቸው በዜማ ይጠሩ ነበር፤ ሲያዜሙ ምላሳቸው ይፈታል። ቆሮሶ ዓሣውን በሲባጎ አንጠልጥለው ሲያልፉ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይከተላቸዋል። እናቴ እንኳ ሳትቀር ቃሌን ከአፌ ነጥቃ ትጨርስልኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን መረባቸውን እየጠገኑ ይጠብቁኛል። የመረቡ ግማሽ ተጠግኖ ቢያልቅም ይጠብቃሉ። ለዚህ ነበር የምወዳቸው።

ያን ጊዜ የከተማችን የኪነት ቡድን የሠራው «የደንገል ቀለበት» የሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። አባቴ ካሴቱን ገዝቶ፣ ክሩ ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ይዞት ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከደንገል ቀለበት ሠርቶ ለሚወዳት ልጅ ሽማግሌ ይልካል። አባቷ ስንት ዘፈን ሙሉ እምቢ ሲል ቆይቶ መጨረሻ ላይ «ተቀመጡ» ይላል። በቴአትሩ ሁሉ ያለ ዜማ የምትነገረው ይህች አንዲት ቃል ነበረች። ቡድኑ ቴአትሩን በባህል አዳራሹ እንደገና ሊያሳይ ሲነሣ፣ የአባትየውን ቦታ ለድምፃቸው ሲል ለጋሽ ሰይድ ሰጠ። «አንዲት ቃል ምን ትሆናለች?» ተባለ። ምን እንደምትሆን እኔና ጋሽ ሰይድ እናውቅ ነበር።

በዕለቱ ቤተሰቡ በሙሉ ሄድን። አያቴም ከመራዊ መጥተው ስለነበር ይዘናቸው ገባን፤ ቴአትር አይተው አያውቁም። የጋሽ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ከጎኔ ሆነው የሻርፓቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። ስወደው የኖርሁት ዘፈን ሁሉ በዓይኔ ፊት ሕይወት ዘርቶ ሲመጣ ደስታው አልተሰማኝም። ያቺን ቃል እየጠበቅሁ ያልበኝ ነበር።

ደረሰች። ከበሮው ቆመ። የመድረኩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አደግድገው ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ሰይድ አፋቸውን ከፈቱ፤ «ተ… ተ…» ብለው ቀሩ። አንገታቸው ላይ የደም ሥራቸው ተገተረ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። እትዬ ዘይነባ እጄን ጨመደዱኝ።

ይኼኔ አያቴ ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። እናቴ ጋቢያቸውን ብትጎትት፣ «ሽማግሌ ቁሞ እኔ ምን ሁኘ ልቀመጥ?» አሏት። ከእኛ ረድፍ ሌሎች ሁለት አዛውንቶች አይተዋቸው ተነሡ። ከኋላችን ያለ ጎረምሳ ተቆጣ።

«አባባ፣ ተቀመጡ እንጂ! አልታየንም!»

አያቴ ዞር አሉ። «አባትዮው ቁመው ሳሉ አንተ ምን ቤት ነህ? ልጂቱ ያንተ ናት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሰይድም መድረኩ ላይ ሳቁ፤ ወደ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ዓሣ በሚጠሩባት ዜማ «ተቀመጡ…» ብለው ለቀቁት። ከበሮው ተቀበላቸው፣ እልልታው ቀለጠ፣ የመድረኩም የአዳራሹም ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አያቴ ከሁሉም በኋላ ቁጭ እያሉ «አሁን ደግ» አሉ። እትዬ ዘይነባ እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድን መረባቸው ላይ አገኘኋቸው። «አ… አያትሽ…» አሉና ተያዙ። ሊሉ የፈለጉት ገብቶኝ ነበር፤ ግን ጠበቅሁ። «…ጠበቁኝ» አሉ።

ጋሽ ሰይድ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ሳሎኔ ውስጥ ወንድሜን በእጄ ከለከልሁት። «ተ…» አልሁ፤ ተያዝሁ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ለመቆም የመጣ ሰው አይቸኩልም። ልጄ የጓዳው በር ላይ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። ዕድሜዋን የሚወስን ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆሞባት እንኳ አልጨረሰችልኝም። ቃሌን እስክጨርስ እየጠበቀች ነው ያደገችው። ዓይኔን ጨፈንሁና የዓሣዋን ዜማ ፈለግኋት።

«ተቀመጡ…»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ታላቃቸው «እዚህ ቤት ልጅ በዜማ ነው እንዴ የሚሰጠው?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ፤ ሦስቱም ተከተሏቸው።