ልጄ ለክፍሏ ያቀረበችው ችግር

ዛሬ ልጄ ሐያት ስለ እኔ ክፍሉን አወያየች። እኔ ከኋላ ከወላጆች ጋር ተቀምጬ ላብ ያጠምቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪዋ "ከሰፈራችሁ አንድ ችግር ምረጡ፣ አስቡበት፣ መፍትሔውን በእጃችሁ ሥሩ" ብላቸው ነበር። ሐያት በራችን ላይ የሚከመረውን ቆሻሻ መረጠችና ዱባይ ተራ ካለው ሱቄ በወሰደችው የጫማ ካርቶን የቆሻሻ መጣያ ሠራች። ትንሽ ጠመም ያለ ነበር።

"ይሄን ይዘሽ ልታዋርጂኝ ነው?" አልኳትና ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጋ ሄጄ የሚያምር የቆርቆሮ መጣያ አሠራሁ። አረንጓዴ ቀለም ሁሉ አስቀባሁት።

ዛሬ ሐያት የቆርቆሮውን ይዛ ስትቀርብ አስተማሪዋ "ስትሠሪው ምን አስቸገረሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ቲቸር፣ ይሄን እኔ አልሠራሁትም" አለች ሐያት። "የኔ ችግር ሌላ ነው። ዝም ካልኩ ዋሸሁ። ከተናገርኩ አባዬ ያፍራል። የቱ ይሻላል?"

ልጆቹ እጃቸውን አወጡ። አንዷ "ይፈር፤ ካፈረ ሁለተኛ አያደርገውም" አለች። ሌላው "ያሳዝናል፤ ለብቻው ይነገረው" አለ።

አጠገቤ ያለው አባት ይስቅብኛል ብዬ ዞር ስል አቀርቅሯል። የልጁን መጣያ አየሁት። እሱም አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው።

ስንወጣ "ያ የካርቶኑ የት አለ?" አልኳት።

"አንተ ነህ የጣልከው፣ አባዬ" አለችኝ። "በራችን ላይ ያለው ቆሻሻ ላይ።"

እስቲ ሳንዋሽ እናውራ፤ የእናንተን ልጆች ፕሮጀክት ማን ነው የሠራው?