እግሩ የከዳው ጊታር ተጫዋች

አሕመዲን ቀኝ እግሩን ማመን የተወው ውጫሌ፣ አንድ ሰርግ ላይ ነው። የሙሽራው አባት ሊመርቁ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ሰዉም ጸጥ አለ። የባንዱ መሪ ሙላት በኪቦርዱ አምባሰልን ለዘብ አድርጎ ከፈተ። ቀጥሎ መግባት የነበረበት የአሕመዲን ጊታር ነው፤ ንጹሕ ሆኖ፣ እንደ ክራር ጠብ ጠብ እያለ። ከዚያ በፊት በነበረው ጭፈራ ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል ከፍቶት ስለነበር በእግሩ ረግጦ ዘጋው። የዘጋው መሰለው እንጂ አልዘጋውም። የመጀመሪያውን ክር ሲነካ ጊታሩ ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ አይሱዙ አጓራ።

ሽማግሌው ደንግጠው ምርቃታቸውን አቋረጡ። ወጣቶቹ ሳቁ። ሙላትም ለሰዉ ብሎ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

አሕመዲን የሐይቅ ከተማ ሰው ነው። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል። ቀን ቀን ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ የስልክ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል፤ ሰርግ ሲኖርና በሳምንቱ መጨረሻ ከሙላት ባንድ ጋር ይጫወታል። እናቱ የመንዙማ ድቤ ቢይዝላቸው ይወዱ ነበር፤ እሱ ግን ገና ጎረምሳ ሳለ በቀበሌው ኪነት ጊታር አየና በዚያው ቀረ። አምባሰልንና ባቲን በጊታር ሲጫወት፣ ከአምባሰል ተራራ ወርደው ለሰርግ የመጡ አዛውንት አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡታል። በሕይወቱ ሌላ የሚኮራበት ብዙ ነገር የለውም።

ሲጫወት ከፊቱ መሬት ላይ የሚደረደሩ ፔዳሎች አሉት። አንዱ ድምፅ ያሻክራል፤ አንዱ እንደ ገደል ማሚቶ ያስተጋባል፤ ሌላው ድምፁን ያወፍራል። ዘፈን በተቀየረ ቁጥር አንዱን መዝጋት፣ ሌላውን መክፈት ግድ ነው፤ ይህም የእግር ሥራ ነው። ጊታር ተጫዋች ደግሞ እግሩን እያየ አይጫወትም። ጫማው ሥር ቁልፉ ሲሰምጥ ይሰማዋል፤ ያ ይበቃዋል።

አሕመዲን አሁን የማይሰማው ይኸው ነበር። ስኳር ካገኘው ዓመታት አልፈዋል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በባዶ እግሩም ሆኖ ወፍራም ካልሲ ያጠለቀ ይመስለዋል። በጤና ጣቢያ ክትትሉን የያዘችው ነርስ ኢቲሳም ደጋግማ አስጠንቅቃዋለች፤ በባዶ እግር እንዳይሄድ፣ ጫማውን ሳያራግፍ እንዳያጠልቅ፣ ማታ ማታ የእግሩን መዳፍ ገልብጦ እንዲያይ። ለጥቂት ሰሞን አየ፤ ከዚያ ተወው። ስንፍና አልነበረም። ከሐይቁ ዓሣ እያወጣ ይኖር የነበረው ጎረቤቱ ኑርዬ በዚሁ በሽታ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አሕመዲን ከሱቁ ሲመለስ ሰላም ይለዋል፤ ዓይኑ ግን ወደ ታች እንዳይሄድበት ይጠነቀቃል። የራሱንም እግር የሚሸሸው እንደዚያው ነበር። ያላየው ቁስል ያልቆሰለ ይመስለው ነበር።

ከውጫሌው በኋላ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንደገና ሳተ፤ በሌላ ሰርግም ደገመው። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሙላት ለብቻው ያዘው። ሰው ከባንዱ የማስቀረት ልማድ እንደሌለው፣ ግን በጥር አንድ ትልቅ ሰርግ እዚያው ሐይቅ ከተማ እንደያዙ፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ አምባሰልን የሚያውቅ ጆሮ ያለው ሰው እንደሆነ ነገረው። ከዚያ ኪቦርዱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣

«እዚህ ውስጥም ጊታር አለ» አለው። «እንዳንተ አይሆንም። ግን አይሳሳትም።»

አሕመዲን ያን ሰሞን የቀረበለትን ምግብ ሳይጨርስ ይነሳ ነበር። ሚስቱ ሰሚሃ ምን ሆነሃል ስትለው ሱቁን ያመካኛል። ቻርጀር የሚገዛ ሰው እየጠበቀ በስልኩ ሲፈላልግ ግን አንድ ተስፋ አገኘ። ፔዳሎችን ሁሉ በአንድ ረገጣ የሚቀያይር ሳጥን አለ። ለየዘፈኑ የሚሆነውን አስቀድመህ ታስቀምጥለታለህ፤ አንዱን ቁልፍ ስትረግጥ የሚዘጋው ይዘጋል፣ የሚከፈተው ይከፈታል። ብዙ ከመርገጥ አንዴ መርገጥ ይሻላል፤ ስሕተቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል አለ ለራሱ።

ዓይነቱ ግን መከራ ነበር። አንዱ ስክሪን አለው፤ አንዱ የለውም። አንዱ ቁልፎቹን እንደ ቆሎ አጠጋግቷቸዋል። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ስለ ድምፅ ጥራት፣ ስንት ዘፈን በሆዱ እንደሚይዝ ይተነትናሉ። እግሩ ለደነዘዘ ሰው የትኛው ይሻላል የሚል ግን አንድም አላገኘም። እሱም የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም፤ ከጠየቀ ለምን እንደጠየቀ መናገር አለበት።

በመጨረሻ በሚኒባስ ተሳፍሮ ደሴ ወጣ። አብዱልሃሚድ የሚባል የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ የጥንት ወዳጁ ነው፤ የመጀመሪያ ጊታሩንም የገዛው ከእሱ ነበር። አብዱልሃሚድ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ቀልድ ይወዳል። ከመደርደሪያው ሁለት ሳጥን አውርዶ መሬት ላይ አኖረለት። ትልቁ ረጅም፣ ስክሪኑ የሚያበራ፣ ቁልፉ የበዛ ሚዲ ኮንትሮለር ነው። ትንሹ ባለ ጥቂት ቁልፍ፣ ጀርባው በገመድ ቀዳዳ የተሞላ።

ትልቁ አማረው። አብዱልሃሚድ ግን ፔዳሎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ጠየቀውና ራሱን ነቀነቀ። ይህ ራሱ ድምፅ አይነካም፤ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚልክ፤ ትእዛዙን የሚሰሙትም ሚዲ የሚባለውን ቋንቋ የሚያውቁ ዕቃዎች ናቸው አለው። ያንተዎቹ አሮጌዎች ናቸው፤ ቢጮህባቸው አይሰሙትም። ትንሹ ግን የፔዳሎቹን ገመድ ሁሉ ወደ ራሱ ሰብስቦ፣ የፈለገውን ያስገባል፣ ያልፈለገውን ያልፈዋል። ፔዳሉ አሮጌ ይሁን አዲስ ጉዳዩ አይደለም።

አሕመዲን ጎንበስ ብሎ ትንሹን አየው። ከዚያ ሲፈራ ሲቸር፣

«ሲረገጥ ድምፅ አለው?» አለ።

«ሳጥኑ? ድምፁማ የጊታርህ ነው።»

«አይ፤ ቁልፉ። ቀጭ ይላል ወይ?»

አብዱልሃሚድ ግራ ገባው። ቁልፉ ቀጭ አለ አላለ በሰርግ ጫጫታ መሀል ማን ይሰማዋል ብሎ ሳቀበት። አሕመዲንም አብሮት ሳቀ፤ አንገቱ ግን በላብ ርሷል። ጊታር ተሰጠው፤ ሞክር ተባለ። ሁለተኛውን ቁልፍ ረገጠ፤ የሦስተኛውም መብራት አብሮ በራ። እንደገና ሞከረ። አሁን ደግሞ ረገጥኩ ያለው ጭራሽ አልተነካም፤ ጫማው ያረፈው ወለሉ ላይ ነበር።

«ይህ ጫማህ ወፍራም ነው» አለ አብዱልሃሚድ። «አውልቀህ ሞክረው። ድሮም በካልሲ አልነበር የምትጫወት?»

እምቢ የሚልበት ምክንያት ቢፈልግ አጣ። ተቀምጦ ማሰሪያውን ፈታ። ጫማው ሲወጣ ካልሲው አብሮ ተጎተተ፤ ከውስጠኛው ሶል ጋር ተጣብቆ ነበር። ከሥሩ በደም ጠቁሯል፤ ጠርዙ ላይ ገና እርጥብ ቀይ ነው። አብዱልሃሚድ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ በእግሩ መዳፍ ውስጥ፣ አንድ የሽቦ ጫፍ ብቅ ብሏል። የጊታር ክር ቁራጭ ነው። አሕመዲን ክር ሲቀይር ትርፉን በጉጠት ይቆርጠዋል፤ አንዷ ተፈናጥራ ጫማው ውስጥ ገብታ ኖሯል። መቼ እንደሆነ አያውቅም። በላይዋ ላይ ሱቅ ከፍቶ ዘግቷል፤ ሰርግ ተጫውቷል፤ ደሴ መጥቷል።

«አላመመህም?» አለ አብዱልሃሚድ።

«አላመመኝም።»

ከደሙ ይልቅ ያስደነገጠው የገዛ መልሱ ነበር። የኑርዬ ደጃፍ፣ የኑርዬ ባዶ የሱሪ እግር ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ለአብዱልሃሚድ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ስኳሩን፣ የውጫሌውን ጉድ፣ ሙላት ያለውን። ሽማግሌው እያዳመጠ እግሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለለት። ሲጨርስ ትንሹን ሳጥን ገልብጦ ከጀርባው አንዲት ክብ ቀዳዳ አሳየው። ይህኛው ትእዛዝ ይቀበላል አለው፤ ከሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ ከኪቦርድ። ሙላት ዘፈን ሲቀይር ኪቦርዱ ራሱ ለሳጥኑ ይነግረዋል፤ ያንተ እግር ምንም መንካት የለበትም።

አሕመዲን ሳጥኑን መልሶ ገለበጠው። ከዓለም ሰው ሁሉ ለሙላት ነው ጊታሩን የሚሰጠው?

«አብሽር» አለው አብዱልሃሚድ። «ውሰደውና አነጋግረው። ካልሆነ ትመልስልኛለህ። አሁን ግን በቀጥታ ወደ ሐኪም።»

ወደ ሐይቅ ሲመለስ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ እግሩ እንዳይነካ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። መንገዱ የማያልቅ መሰለው። ኢቲሳም ጤና ጣቢያ ስታገኘው አልተቆጣችም፤ ያ ይበልጥ አስፈራው። ሽቦውን በወረንጦ ሳበች፤ አጠበችው፤ ቁስሉን በሚገባ አየችና፣

«ጋሼ፣ እስኪደርቅ ይህ እግር መሬት አይርገጥ» አለችው። «ጠርዙ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ሳይውል ሳያድር ይምጡ። ያኔ ወደ ደሴ ነው የምንልክዎ።»

ይድናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ኢንሻአላህ አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሰሚሃ በፋሻ የታሰረውን እግር ስታይ ትራስ አምጥታ ከሥሩ አደረገችለት። ውሃ ሰጠችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ፣

«ከእኔ ደብቀህ ለማን ልትነግር ኖሯል?» አለችው።

ያኔ ሁሉንም ነገራት፤ የሙላትንም ጭምር። ለሙላት አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ አለችና ስልኩን እጁ ላይ አኖረችለት።

ሙላት በማግስቱ መጣ። አሕመዲን በሌሊት ያሰናዳውን ንግግር ሁሉ ረስቶ፣ እግሬ አይሰማኝም ሲል ጀመረ። ሙላት አቀርቅሮ ሰማው። እኔ እኮ ሰልችተንህ ወይም ከሌላ ባንድ ጋር ተስማምተህ መስሎኝ ነበር አለው፤ ተቀይሞት እንደከረመም አልደበቀም። ሳጥኑንና ሐሳቡን ሲሰማ ግን ወዲያው እሺ አላለም። እየዘፈነ፣ ኪቦርድ እየተጫወተ፣ የሌላ ሰው ጊታር ማስተዳደር ለእሱም ጭንቅ ነው። ሳጥኑን እያገላበጠ ቆየና፣

«ብሳሳት የምትታማው አንተ ነህ» አለ። «ያን ትችለዋለህ?»

አሕመዲን አልችለውም ሊል ነበር። እችለዋለሁ አለ።

ሙላት ኪቦርዱን አስመጣና እዚያው ሳሎን ውስጥ ከሳጥኑ ጋር አገናኙት። መጀመሪያ ሳጥኑ ድንጋይ ሆነ። ገመዱን ቀየሩ፤ ነቅለው ሰኩ፤ አሁንም ዝም። አሕመዲን ሙላት ተሰላችቶ ይሄድብኛል ብሎ ፊቱን ፊቱን ያየዋል። በኋላ ሙላት ሁለቱ ዕቃዎች የሚነጋገሩበት የመስመር ቁጥር የተለያየ መሆኑን አገኘና አስተካከለው። ኪቦርዱ ላይ አንዷን ቁልፍ ሲነካ፣ መሬት ያለው ሳጥን ማንም ሳይነካው ቀጭ አለ፤ መብራቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ዘለለ። አሕመዲን ደስታም ፍርሃትም ያዘው። ሌላ ሰው ጫማውን አጥልቆ የቆመ ያህል ነበር።

የሰርጉ ቀን በድንኳኑ ጥግ ወንበር ተደረገለት፤ እግሩ የስፒከር ሣጥን ላይ ተዘረጋ። ሰዉ ምን ሆነ ሲል ጠየቀ፤ ወጋኝ እያለ መለሰ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ደህና ሄዱ። እሱ ግን አንዱንም አላጣጣማቸውም፤ ዓይኑ ከሙላት ግራ እጅ አልተነቀለም። እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሳጥኑ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ሻካራው ድምፅ ተመልሶ ነበር፤ ቀጣዩ ደግሞ አምባሰል ነው። የሙሽራዋ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ከፊት ተደርድረዋል። አሕመዲን እጁን ክሩ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ሙላት ከሰው ጋር እያወራ ነው፤ ወደ መሬትም አላየም። ልጥራው ወይስ ልተወው ሲል፣ ሙላት ዘወር አለ፤ መብራቱን አየ፤ ቁልፏን ነካ።

ጊታሩ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ አዛውንት አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ በኋላ አንድ የጭፈራ ዘፈን ላይ ሙላት ዘነጋውና ማስተጋቢያው እንደተከፈተ ቀረ። ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራረብ አሕመዲን ጥቂት ብቻ እየነካ፣ ቦታ እየሰጠው አሳለፈው። ማንም አላወቀም። ሙላት ግን አወቀ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀው። አሕመዲን በዚያ ቀን ትከሻው የላላው ያኔ ብቻ ነበር።

ሳጥኑ አልተመለሰም። ቁስሉ ቶሎ አልዳነም፤ አንድ ጊዜ ጠርዙ ጠቆር ብሎ ሁሉንም አስጨንቆ ነበር። ኢቲሳም ሥጋ እየሞላ ነው ስትል አልሐምዱሊላህ ይላል፤ እሷ ግን ገና ነው ማለቷን አትተውም። አሁንም ሰርግ ላይ የሙላትን እጅ እያየ ይጫወታል። አንድ ጠዋት በምርኩዝ ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጫማው ውስጥ የሌለች መሰለችው። መንገድ ላይ ቆመ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ተመልሶ ለሰሚሃ ነገራት።