ጣሪያ የሌለው ቤተ መንግሥት

ባለፈው ሚያዝያ ልጄ ሰብለ አዲስ አበባ አስመጥታኝ ቤተ መንግሥት አስጎበኘችኝ። “እማዬ፣ ለሕዝብ ከተከፈተ ስንት ጊዜው፤ ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ” ብላ ነው እጄን ይዛ የወሰደችኝ። አስጎብኚዋ ልጅ እግር ናት፤ አንደበቷ የጣፈጠ። ከአዳራሽ አዳራሽ እያሻገረች ዙፋኑን፣ መጋረጃውን፣ የግብር ቤቱን ስፋት አሳየችን። ኋላም ወደ አትክልቱ አወጣችንና እያንዳንዱ ተክል ከአገራችን የአንዱን አካባቢ እንደሚወክል ማስረዳት ጀመረች። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ተሾመ ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው ሸዋ ሮቢት ቀርቷል።

“እህ፣ ቤተ መንግሥቱ እንዴት ነው?” አለኝ።

“ጣሪያ አለው” አልኩት።

እሱ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ ማዶ ሳቅን። ሳቃችን አላባራ ሲል አስጎብኚዋ ንግግሯን አቋርጣ አየችኝ። ሰብለ አፍራ ወደ ጥግ ሳበችኝና “ጣሪያ የሌለው ቤተ መንግሥት አለ እንዴ?” አለችኝ። ከአንድ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እዚያ ተቀመጥንና ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ነገር ነው። ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

ያገባሁት በጥር ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ደብረ ሲና አባቴ ቤት ተቀምጬ ሹራብ እሠራ ነበር። ደብረ ሲናን በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል፤ ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ ገበያው መሃል የሚቀመጥባት፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ቆሎና የተጠበሰ ባቄላ በመስኮት የሚቀርብባት ከተማ ናት። ተሾመ ሸዋ ሮቢት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ሽማግሌ ላከ፤ አባቴ ዘሩንም ጠባዩንም አጠያይቆ እሺ አለ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። በዚያን ጊዜ ይኼ እንደ በደል አይቆጠርም ነበር፤ እኔም አልቆጠርኩትም።

ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ ቁልቁል አንድ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ መንገድ ነው። ለእኔ ግን ባሕር ማዶ ነበር። ለሙሽርነቴ የሠራሁትን የሱፍ ሹራብ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ እዚያው እንደተሰቀለ አቧራ ለበሰ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው እየተንጣጣ ይጮኻል። ማታ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ግቢ ያወጣና ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ እያወራ ይተኛል። እኔ ከሰው ፊት እንዴት ይተኛል ብዬ፣ ከአንሶላ ሥር ተሸፋፍኜ በላብ እጠመቅ ነበር። በመጋቢት ወባ ያዘችኝ። አጥር የምንጋራቸው ማንጎ ነጋዴዋ እትዬ ፋጡማ “አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ቆላው እንግዳውን ሲቀበል እንዲህ ነው፤ ኢንሻአላህ ትለምጂዋለሽ” እያሉ ፓፓያ ቆርጠው በእጃቸው ያጎርሱኝ ነበር። መልመድ ግን አልፈለግኩም። የለመድኩ ዕለት የምቀር መሰለኝ።

ተሾመ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፣ ዝምተኛ ነው፤ እኔም አንቱ ነበር የምለው። “ራትዎ ቀርቧል”፣ “ውሃ ላምጣልዎ?” እያልኩ እንደ እንግዳ አስተናግደዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ “አንተ ብትይኝ ምን አለበት?” አለኝ። “ወጥ ልጨምርልዎ?” አልኩት። ደግሞ አላነሳውም።

በግንቦት የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች የዓመት መዝጊያ ጉብኝት አሰቡ። መድረሻው አንኮበር ሆነ፤ የጥንት የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ያለበት ተራራ። ባለትዳሮች የትዳር ጓደኞቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ተባለ። ተሾመ ሲነግረኝ “እዚያ ብርድ አለ፤ ደስ ይልሻል” አለኝ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። አንኮበር ለመድረስ በደብረ ሲና ይታለፋል፤ ስንመለስም በደብረ ሲና ይታለፋል። አውቶቡሱ ማታ ለቆሎ ሲቆም ወርጄ እናቴ ቤት ልገባ፣ ላልመለስ ወሰንኩ። ሁለት ቀሚሴንና ነጠላዬን ትልቅ ፌስታል ውስጥ ከታች አድርጌ፣ ከላይ ለመንገድ የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ ጫንኩበት።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አስተማሪዎቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፤ እኔ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አቅፌ በመስኮት አያለሁ። አርማኒያ የምትባለውን ከተማ አለፍን። ደብረ ሲናን ስናቋርጥ የግቢያችንን ባሕር ዛፎች አየኋቸውና እስኪሰወሩ ድረስ አንገቴን አዙሬ ተከተልኳቸው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደጋው ላይ ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ ሰው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ መስኮት ሲዘጋ እኔ የእኔን ከፈትኩት። ከደብረ ብርሃን ወዲያ መንገዱ ኮረኮንች ነው። አንኮበር ስንደርስ ረፋዱ ተጋምሶ ነበር።

ከኮረብታው ግርጌ የተቀበሉን አስጎብኚ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ፣ የጎማ ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። በጥድ መሃል በሚወጣው ቀጭን መንገድ መሩን። የቆላ ሰው ዳገት ሲወጣ ማየት ያሳዝናል፤ ስፖርት አስተማሪው ሳይቀር በየድንጋዩ እየተቀመጠ ነበር የወጣው። አናቱ ላይ ስንደርስ ያገኘነው ሣር፣ ድንጋይ፣ ጉም፣ አንዲት የቆመች ግድግዳ ብቻ ነው።

“ቤተ መንግሥቱስ የታለ?” አለ አንዱ።

“ገብታችሁበታል” አሉ ጋሽ ደምሴ። “ያውም ሳታንኳኩ። በሉ ውጡና በበሩ ግቡ።”

ወደ ኋላ መልሰው ሁለት ድንጋዮች ወዳሉበት ወሰዱን። “እዚህ ጋ ጎንበስ ይባላል፤ ጉበኑ ዝቅ ያለ ነበር” ብለው ራሳቸው ጎንበስ አሉና ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አመንትተው ጎንበስ ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላማ ሁላችንም ተሰልፈን፣ ባዶ አየር ሥር እየጎነበስን ገባን። “ይህ ግብር ቤቱ ነው፤ ሰው እንዳትረግጡ፣ በላተኛ ተቀምጧል።” እንስቃለን ግን አንረግጥም። “ይህ እልፍኝ ነው፤ ድምፃችሁን ቀንሱ።” እውነትም እንቀንሳለን። ካገባሁ ጀምሮ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ቀና ስል ተሾመ እያየኝ ነበር። የሚያየው ጋሽ ደምሴን አልነበረም።

ከግድግዳዋ ጀርባ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል፣ ጋሽ ደምሴ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆነው የተከሉት አትክልት ነበር። እያንዳንዱ መደብ የሸዋን አንድ አገር እንዲወክል ነው የሠሩት። ጦስኙ መንዝ ነው። ጌሾው ቡልጋ ነው። ተራ በተራ እያሳዩን መጨረሻ ላይ አንድ የጠቆረ ግንድ ጋ ደረስን።

“ይህ ደግሞ የእናንተ አገር ነው፤ ይፋት። ፓፓያ ነበር።”

አስተማሪዎቹ ተንጫጩ። “ምነው ጋሼ፣ እኛን ብቻ አደረቁን?”

“በየዓመቱ እተክለዋለሁ” አሉ ጋሽ ደምሴ ሳይስቁ። “ይበቅላል፣ ቅጠል ያወጣል፤ ውርጭ ሲመጣ ይሞታል። ዘሩ ጥፋት የለበትም። አፈሩም ጥፋት የለበትም።”

ሌላው ሰው ወደ ምሳው ሄደ። እኔ በዚያን ሰዓት ያሰብኩት የተለየ ነገር አልነበረም፤ የሚታየኝ አመሻሹና የደብረ ሲና ፌርማታ ብቻ ነበር። ተሾመ ግን እዚያው ቀረ። ኋላ መጥቶ ግድግዳዋ ጥግ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠ። ጉሙ መገለጥ ጀምሮ ነበር። ከእግራችን ሥር ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ኮረብታው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ አፋር ድረስ የተዘረጋው ቆላ ወለል ብሎ ታየ። ሮቢትን ተራራ ይጋርዳታል። የይፋት ምድር ግን ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ፣ ገና እንደተነጠፈ ቁርበት ቡናማ ነው።

“ፌስታሉ አልከበደሽም?” አለኝ።

“ምኑ ይከብደኛል?”

“ከዳቦው ሥር ያለው።”

ለካ ጠዋት ዳቦውን ሊያስተካክል ሲል ቀሚሶቼን አይቷል። መንገዱን ሁሉ እያወቀ ነው አብሮኝ የመጣው። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

“አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?” አለኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። “አላውቅም” አልኩት። እውነቴን ነበር።

“እንግዲያው እስክታውቂው እናትሽ ቤት ሁኚ። ደብረ ሲና ስንደርስ ፌስታሉን እኔ እይዝልሻለሁ። ብቻሽን ወርደሽ ስትሮጪ ሰው ቢያይሽ ሌባ ትመስያለሽ።” ፊቱን ወደ ቆላው መለሰ። “ሽማግሌ አልልክብሽም። የመጣሽው አባትሽ ስላሉ ነው። ከተመለስሽ አንቺ ስላልሽ ይሁን። መንገዱን ታውቂዋለሽ።”

“አይቆጡም?” አልኩት።

“ተቆጥቻለሁ” አለ። “ግን አንቺን አይደለም።”

እንዳለውም አደረገ። አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ፌስታሌን ይዞ ወረደ። በቆሎ ሻጮቹ መሃል ከፊት ከፊት እየሄደ እቤታችን ደጃፍ አደረሰኝ። አባቴን እጅ ነሥቶ “ወባ ይዟት ሰንብቷል፤ ሙቀቱም ጎድቷታል። እዚህ ትረፍ ብዬ ነው” አለው። ነውሬን እንዲህ ሸፈነልኝ። አውቶቡሱ ክላክስ ሲያደርግ ተሰናብቶን እየሮጠ ሄደ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እንደ ልጅ ነው የሚሮጠው።

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። ሹራቤን ለበስኩ፣ ከእናቴ ጋር እሳት ዳር ተቀመጥኩ፣ ባቄላ እየቆረጠምኩ ዝናቡን አደመጥኩ። ክረምቱ ሲገባ ግን ጥያቄው መጣ። “ባልሽ ምነው ጠፋ?” ማለት ተጀመረ። አባቴ ውርደት ተሰማው። እናቴ “ሽማግሌ ያልላከ ወንድ ጠልቶሽ ነው” አለችኝ። ኋላ ደግሞ ፍቺው ይፈጸም፣ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ነጋዴ ጠይቋል የሚባል ወሬ ከአባቴና ከአጎቶቼ አፍ እሰማ ጀመር። እሳቱን ከበው ስለ እኔ ይመክራሉ፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ “አንቺስ?” አላለኝም።

ያኔ ነው ነገሩ አንድ በአንድ ይታየኝ የጀመረው። ሮቢት ሳለሁ በየቀኑ ቀትር ላይ፣ የምተኛበት ክፍል መስኮት ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቀል ነበር። ነፋሱ በዚያ አልፎ ሲገባ ቀዝቀዝ ይላል። ማን እንደሚሰቅለው አስቤ አላውቅም ነበር። ለካስ እኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት በዚያ ፀሐይ እየተመላለሰ የሚሰቅለው ተሾመ ኖሯል። አንድም ቀን አላወራውም።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት አባቴን ደጅ አገኘሁት።

“አባዬ፣ ልሄድ ነው።”

“ወዴት?”

“ሮቢት፣ ቤቴ።”

“ማን ጠርቶሽ?”

“ማንም።”

አባቴ ጋቢውን ሰበሰበ። “እንግዲያስ እናትሽ ስንቅ ትቋጥርልሽ” ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ሸዋ ሮቢት የደረስኩት በቀትር ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ልክ እንደ ድሮው ጠላሁት። ግን አልተመለስኩም። ቤቱ ተቆልፎ ነበር። እትዬ ፋጡማ በአጥሩ ብቅ ብለው ሲያዩኝ “አልሐምዱሊላህ” ብቻ አሉና፣ አስተዋይ ሰው ናቸው፣ ሌላ ሳይጠይቁኝ ውሃ አቀበሉኝ። ግቢው ውስጥ ባለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ተሾመ ለምሳ ሲመጣ እጅጌው ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

“መጣሽ?” አለኝ።

“መጣሁ። ክፈተው እንጂ፤ ቁልፉ አንተ ጋ አይደለም እንዴ?”

“አንተ” ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። እሱም ሰምቷል። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ብዙ ታገለ። በመጨረሻ ተቀብዬው እኔ ከፈትኩት።

ለሰብለ የነገርኳት ይህን ነው። ስጨርስ ጎብኚዎቹ ርቀው ሄደዋል፤ የአስጎብኚዋ ድምፅ ከዛፎቹ ወዲያ ይሰማል።

“አባዬ ግን ይህን አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም” አለችኝ ልጄ።

“ምን ብሎ ይንገራችሁ? ሚስቴን ተሸክሜ እናቷ ቤት መለስኳት ብሎ?”

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስለ ራሷ የምታስበው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ አልጠየቅኳትም። ሲደርስ ትነግረኛለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። ሦስት ልጆች አሳድገናል፣ በክፉ ቀን ቤት ጥለን ተሰደን ተመልሰናል፣ እትዬ ፋጡማን ቀብረናል። የሮቢትን ሙቀት እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ተሾመም አንዳንድ ቀን በዝምታው ያቃጥለኛል፤ ተጣልተን የምናድርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለው ቀን እንኳ “ምን ፈርዶብኝ” ብዬ አላውቅም፤ የሚያስብል ምክንያት የለኝም። የእኔ ዘመን ሴቶች ብዙዎቹ ማን እንደዳራቸው ሲጠየቁ የአባታቸውን ስም ይጠራሉ። እኔንም መጀመሪያ የዳረኝ አባቴ ነው፤ በጥር፣ በድግስ፣ በእልልታ። ሁለተኛ ጊዜ ግን በመስከረም፣ በቀትር ፀሐይ፣ ማንም ሳያጅበኝ፣ እኔው ራሴን ዳርኩ። አብሬው የኖርኩት በዚህኛው ጋብቻ ነው።