አንድ ተኩል ኩላሊት

የምወደው ልጅ ካርቲየ ስድስት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሽማግሌ ላከ። እኔ እንደ ልማዴ መጽሐፌን ይዤ ጓዳ ተሸሸግሁ።

አንጋፋው ሽማግሌ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ፣ «ልጅቷ ኩላሊቷ ተቆርጧል የሚባለው እውነት ነው?» ብለው አባቴን ጠየቁ።

እንግዳ ፊት ቆሜ የማላውቀው እኔ ወጣሁ። መጽሐፌ መሃል የነበረውን የምርመራ ውጤት ሰጥቻቸው፣ «ከአምስት ዓመት በፊት በዕጢ ምክንያት ሐኪሞች የአንዱን ግማሽ አወጡልኝ። የቀረው አገግሞ በደንብ እየሠራ ነው» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን እንደ ጭነት ሰነድ አገላብጠው አዩት።

«አንድ ተኩል አለሽ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ብድግ ብለው ለአባቴ እጅ ነሡ።

«እንግዲህ ልጃችንን እንዳትንቁብን ነው የምንለምነው። እሱ ሲወለድ ጀምሮ ያለው አንድ ብቻ ነው።»