ጅራፍና ጥይት

የመማር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርሁት ወረታ ሦስተኛ ክፍል እያስተማርሁ ነው። ቅዳሜና እሑድ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። መንገድ ሲዘጋ በስልክ እማራለሁ። ስልክም ሲጠፋ እጸልያለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ሌላ ርእስ ነበረኝ። ወደ ልጆች ፍርሃት ያስቀየረኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሞት ነው። ከመንገዱ ማዶ ተኩስ ሲጀመር ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሮጠ። እኔው ክፍል የምትማረው ልጄ ያን ጊዜ ውኃ ልትጠጣ ወጥታ፣ በሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ ቆማ ነበር። ጥይት የዘበኛውን አንገት መታው። የበሩን መወርወሪያ እንደያዘ ቀረ፤ ደሙ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። እኔ ልጆቹን ከዴስክ ሥር አስተኝቼ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ እርሷ ታያለች። ስደርስባት ጫማዋ በደም ርሷል። አላለቀሰችም።

ልጄን ስላተረፈልኝ አምላኬን አመሰገንሁ። የዘበኛው ሚስት ፊቷን ስትነጭ እያየሁ ማመስገን ከብዶኝ ነበር፤ ግን አመሰገንሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ማንበብ ተሳናት። ዳዊት ታነብልኝ የነበረች ልጅ፣ አንድ ነገር ጧ ባለ ቁጥር ከወንበሯ ወርዳ ትደፋለች፤ ስትነሣ ያነበበችው ሁሉ ጠፍቷታል። ለጣራ ገዳም ጧፍ ተሳልሁላት።

በጽጌ ጾም ሩዙ ፍሬ ሲይዝ ባሰ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የታላቅ ወንድሜ ማሳ ነው። እንደ ፎገራ ሰው ሁሉ ማማ ላይ ቆሞ ጅራፍ ያጮሃል፤ ወፍ የሚሸሸው ያን ድምፅ ነው። ጅራፉ ሲጮህ ልጄ ብቻ ሳትሆን ክፍሉ በሙሉ ወለል ላይ ይወድቃል።

“አያ፣ ጅራፉን ተውልኝ” አልሁት።

“ወፉን አንቺ ልትጠብቂልኝ ነው?”

“ማስፈራሪያ አቁምበት።”

“አቁሜ ነበር። እነዚህ ወፎች ካንቺ ቀድመው ዲግሪያቸውን ጨርሰዋል። ገለባ መሆኑን አውቀው ትከሻው ላይ ያርፋሉ።”

ሳቅሁ። ያን ሰሞን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

አማካሪዬ በስልክ እንዲህ አሉኝ፦ “ፍርሃት አይፋቅም። በላዩ ሌላ ትምህርት ይጻፍበታል እንጂ። ልጅቱ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እያየች ትማር።”

ከትምህርት በኋላ ወደ ማሳው ወሰድኋት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከቦዩ ማዶ ቆምን። ወንድሜ ጅራፉን ያነሣል፤ ታየዋለች። ያዞረዋል። ከዚያ ያጮሃል። የመጀመሪያው ቀን ጭቃው ላይ ተደፍታ ጥፍሯን እጄ ውስጥ ቀበረችው። ልብሷ ላይ ሸናች።

“እማ፣ ሁለተኛ አታምጪኝ” አለች።

አመጣኋት። ደግነት ይሁን ጭካኔ ያን ጊዜ አልለየሁም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀረብን። ጾሙ ሲጋመስ ማማው ሥር ደረሰች።

“ነይ ውጪ፣ የኔ እመቤት” አላት አጎቷ። “እናትሽ መጻፍ እንጂ ወፍ መጠበቅ አትችልም።”

ወጣች። ጅራፉን ሰጣት። መጀመሪያ ጀርባዋን ገረፈች። ቀጥሎ ጮኸላት። ወፉ ግርር ብሎ ተነሣ። ልጄ አልወደቀችም።

እኔን ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እውነተኛው ተኩስ ሲመጣስ? መውደቅን አስረስቻት ቆማ ብትቀርስ?

መልሱ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከሐሙሲት በኩል በመኪና የመጡ ታጣቂዎች አስፋልቱ ላይ ቆሙ። አገሩን አያውቁትም። ወንድሜ ማማው ላይ ሆኖ ጅራፉን ሲያጮህ የተተኮሰባቸው መሰላቸው። እኔና ልጄ ከማማው ሥር ነን። ጧ አለ። የወንድሜ ጅራፍ መስሎኝ ቀና አልሁ።

“እማ፣ ይኼ ጅራፍ አይደለም!”

ቀሚሴን ጎትታ ጭቃው ላይ ጣለችኝ። ከዚያ ጥይት ዘነበ። ሩዙ ከራሳችን በላይ ማጭድ እንደገባበት ይረግፋል። የማማው እግር ተሰብሮ ወንድሜ አጠገባችን ወደቀ። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተበጥሶ በቆዳ ተንጠልጥሏል።

“ጅራፍ ነው! ወፍ ነው የምጠብቅ!” እያለ ይጮሃል። ማን ይሰማዋል። ክንዱን በነጠላዬ አሰርሁት። ልጄ እጇን አፉ ላይ ጭና “አጎቴ፣ ዝም በሉ፤ አልጨረሱም” ትለዋለች። አልጨረሱም ነበር። ማማው እስኪፈርስ ተኮሱ፤ ከዚያ ሄዱ።

ወንድሜ ተረፈ። ክንዱ አልተረፈም። መንገዱ ሲከፈት ጧፌን ይዤ ጣራ ገዳም ወጣሁ።

ጽሑፌን ባቀረብሁ ቀን አንዱ ፈታኝ “ታዲያ ፍርሃቷ ጠፋ?” ብለው ጠየቁኝ።

“አልጠፋም። የሚፈራውን ከማይፈራው ለየች” አልኋቸው። ዲግሪውን ሰጡኝ፤ ተመስገን።

ዘንድሮም ሩዙ ፍሬ ይዟል። የወንድሜ ግራ እጅ ለጅራፍ አልገራለትም። ማማውን መልሰን ሠርተን፣ እንደ ልጄ ትንሽ ትንሽ ቀርበው ድምፁን የለመዱት የክፍሌ ልጆች ከትምህርት በኋላ በተራ ይወጡለታል። ልጄ ተራዋ ካልሆነ ከሥር ተቀምጣ ዳዊቷን ታነባለች። ጅራፉ ሲጮህ ጣቷ ከፊደሉ አይነሣም። ሌላ ድምፅ ከሆነ ግን ከእኔ ቀድማ መሬት ናት።