የታሸገው ውሃ

«አንቺ፣ በሳሙናሽ የሁለት ወር ሥራዬን ገደል ከተትሽው!»

ብሩክ ይህን ፊት ለፊቴ ሲለኝ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ነበር። ጊዜው መብራት በፈረቃ የነበረበት ዓመት ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚሁ ሐዋሳ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ በኮንትራት ዕቃ አጥብ ነበር። ኮንትራቴ ሊታደስ ሳምንት ነበር የቀረው። ለዚህ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው።

ብሩክ የማስተርስ ተማሪ ነው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በሚያመጣው ዓሣ ዲኤንኤ ላይ መዳብ እንዴት እንደሚጣበቅ ያጠናል። ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው፤ ሲሞቅ ይለያያል። እንደ መዳብ ያለ ብረት ከያዘው የሚለያይበት ሙቀት ይቀየራል። ታዲያ ምንም ብረት ያልጨመረበት ቱቦ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቶሎ መለያየት ሲገባው እምቢ አለው። «ዕቃው በደንብ አልታጠበም» ብሎ በእኔ ላይ የክስ ደብዳቤ ጻፈ።

ኃላፊያችን ጋሽ ላንቃሞ ደብዳቤውን አንብበው «ምን ትያለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ ሦስቴ ነው የማለቀልቀው። እሱ ዲኤንኤውን የሚበጠብጥበትን ውሃ ያሳየን።»

ብሩክ ሳቀ። «ጭራሽ መርማሪ ሆነች! ውሃዬ ንጹህ ነው፣ የታሸገ ነው።»

የታሸገ! መብራት ሲጠፋ የውሃ ማጣሪያችን አይሠራም። እሱ ደግሞ መጠበቅ ሰልችቶት ከሱቅ የሚጠጣ ውሃ ይገዛ ነበር። ባዶውን የውሃ ጠርሙስ ከቅርጫት አውጥቼ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ካልሲየም። ማግኒዥየም።»

«እሱ ለጤና የሚሆን ነው።»

«ብረት አይደሉም እንዴ? የዲኤንኤ ቻርጅ ኔጋቲቭ ነው፣ የእነሱ ፖዘቲቭ። መዳብህ ሳይደርስ ቦታውን ይዘውታል። ይቺን እኔም አሥራ ሁለተኛ ላይ ተምሬያታለሁ።»

«በቃ ይሞከር» አሉ ጋሽ ላንቃሞ።

መብራት የመጣ ዕለት ውሃ አጣራን። ያንኑ ቱቦ በዚያው ሳሙና አጠብኩት። ብሩክ በተጣራው ውሃ አዲስ ዲኤንኤ በጥብጦ አሞቀው። ክሮቹ በሚጠበቀው ሙቀት ተለያዩ።

«በይ እሺ፣ ደብዳቤውን እቀደዋለሁ» አለኝ ፊቱን አዙሮ።

«እንዳትቀደው! ጥፋቱ የውሃህ እንደነበር ከሥሩ ጻፍና ፈርምበት።»

«አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«ጻፍ።»

ጋሽ ላንቃሞን አያቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ጻፈ፤ ፈረመ። እስከ መጨረሻው አነበብኩትና ከኮንትራቴ ፋይል ጋር እንዲያያይዙት ለጋሽ ላንቃሞ ሰጠኋቸው። ጋዋኔን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ ወጣሁ።